የ1990ዎቹ ኮሮላ ወይስ የ2000ዎቹ? የድሬዳዋና የሐረር ገዢ ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ የብልሽትና የጥገና ጉዳዮች

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ካስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ መጠነኛ ገንዘብ ይዞ የቤት መኪና የሚፈልግ የድሬዳዋ ነዋሪ የሚመርጠው ቀድመው ከገቡት መካከል ነው። ደላላው በአብዛኛው የሚያቀርብለትም ሁለት ዓይነት ኮሮላ ነው። አንደኛው በፈረንጆች 1995 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ስምንተኛው ትውልድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ2000 ጀምሮ የተተካው ዘጠነኛው ትውልድ ነው። የኋለኛው ሰፋ ያለ፣ ወንበሩ የሚመች፣ ዳሽቦርዱም ያማረ በመሆኑ ዐይን ወደ እርሱ ያዘነብላል። የጥገናው ሒሳብ ግን ሁልጊዜ ዐይንን አይከተልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌው በብዛት ባለ 1.3 ሊትር 4ኢ ወይም ባለ 1.6 ሊትር 4ኤ ሞተር የያዘ ሲሆን፣ የሁለቱም ብሎክ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል፣ ብረት ነው። አዲሱ በብዛት የዜድዜድ ቤተሰብ የሆነ ሞተር አለው፤ 4ዜድዜድ 1.4፣ 3ዜድዜድ 1.6፣ 1ዜድዜድ 1.8 ሊትር ናቸው፤ ብሎካቸውም አሉሚኒየም ሆኖ በየሲሊንደሩ ውስጥ ላይነር የሚባል ስስ የብረት ሽፋን የተቀበረበት ነው። ወደ ማብቂያው የተሠሩ አንዳንድ የስምንተኛው ትውልድ መኪኖችም የዜድዜድ ሞተር ስላላቸው፣ ከመልኩ ይልቅ ኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል።

የዜድዜድ ሞተር ትልቁ ጉድለት ዘይት መብላቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ፣ ከፒስተኑ የዘይት ቀለበት ጀርባ ያሉት ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት በመሆናቸው በካርቦን ይደፈናሉ፤ ቀለበቱም ይጣበቅና ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ፋብሪካው በፈረንጆች ከ2002 ገደማ ጀምሮ ፒስተኑን ቢያሻሽልም፣ ዘይቱ በወቅቱ ሳይቀየርለት የኖረ መኪና በየትኛውም ዓመት ቢሠራ ለዚህ ችግር ይጋለጣል። ይህን ለመፈተን ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወስደውን ዳገት የመሰለ ቦታ የለም። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው የሐረማያ አምባ ሲወጣ፣ ሻጩ እየነዳ ገዢው በኋላ መስታወት ይመልከት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተጭኖ ሳለ ሰማያዊ ጭስ ሳይቋረጥ ከተከተለ የሚጠረጠረው የፒስተን ቀለበቱ ነው። ሲመለሱ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ቤንዚን ሳይሰጡ ቁልቁል ወርደው፣ ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ጊዜ ቡን ብሎ የሚጠፋ ጭስ ከታየ፣ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሁለቱ የጥገና ዋጋ እጅግ የተራራቀ በመሆኑ፣ ይህን ሳይለዩ በዋጋ መከራከር ትርፍ የለውም።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ሞተር ሲወርድ ነው። የ4ኤ ሲሊንደር ቢበላ ብረቱ ብሎክ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይፋቃል፤ መጠኑ ከፍ ያለ ፒስተንም ይገባለታል። ለዜድዜድ ግን አምራቹ ከፍ ያለ መጠን ፒስተን አላዘጋጀም፤ ላይነሩም ስስ ነው፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ከተጎዳ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ሞተር ፈልጎ ለመግጠም ይገደዳል። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ያን ያህል ዘመን የዘለቁት፣ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ ላይነራቸው ተነቅሎ የሚተካ ስለሆነ ጭምር ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

አሮጌው ሞተር ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በጎማ ቺንጋ የሚዞር በመሆኑ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቺንጋውንና መወጠሪያ ኩሽኔታውን መቀየር ግድ ነው፤ ሻጩ የተቀየረበትን ቀን ማስረዳት ካልቻለ ወጪው የገዢው እንደሆነ ተቆጥሮ ከዋጋው ይቀነስ። ሆኖም በ4ኤና በ4ኢ ቺንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተርም ከዕድሜ ብዛት ዘይት ያንጠባጥባል፤ ሙቀት ሲበዛ አልነሣ የሚለውም አንዳንዴ በእርሱ ምክንያት ነው። ዜድዜድ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላለው የመቀየሪያ ጊዜ የለውም፤ ነገር ግን ከሞተሩ ጎን ያለው የሰንሰለት መወጠሪያ ቀለበት ጎማው ሲደርቅ ዘይት ያፈስሳል። አንዳንድ መካኒክ ይህን አይቶ «ሞተሩ ይውረድ» ሊል ይችላል፤ ሥራው ግን ሁለት ብሎን ፈትቶ አንድ ትንሽ ጎማ መለወጥ ብቻ ነው።

ሁለቱንም እኩል የሚያጠቃቸው የድሬዳዋ ሙቀትና ውኃ ነው። የከተማው የጉድጓድ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁሉ፣ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ሞተሩ በረድ ብሎ ሳለ ክዳኑን ከፍተው የአፉን ውስጥ በጥፍር ቢጭሩና ነጭ ወይም ዝገት የሆነ ፍርፋሪ ቢያገኙ፣ መኪናው ዓመታትን ያለ ኩላንት በቧንቧ ውኃ እንደኖረ ያውቃሉ። እንዲህ ያለው መኪና ደንገጎ ላይ ውኃ ያፈላል፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ይጣመማል፤ የራዲያተር ዋጋ የነበረው ጉዳይ የቴስታታ ዋጋ ይሆናል።

በእግር በኩል አዲሱ ይሻላል። የኋላው ባለ አንድ ወጥ ዘንግ ስለሆነ የሚበላ ጎሚኒ ጥቂት ነው፤ የአሮጌው ኋላ ግን በርካታ ዘንጎችና ጎሚኒዎች ስላሉት የኮብልስቶን መንገድ ላይ ቶሎ ይንኳኳል። በአንጻሩ በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ አንዳንድ በእጅ የሚቀየሩ ካምቢዮዎች በኩሽኔታ ጉዳት ይታወቃሉ፤ በመንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የጉርምርምታ ድምፅ ካለ በቀላሉ አይታለፍ።

እኔ ብሆን በአዲሱ ላይ ጭስ የሌለበት፣ ዘይቱም ከዲፕስቲኩ ሁለት ምልክቶች መካከል ያለ መኪና ካገኘሁ እርሱን እገዛለሁ፤ ጥርጣሬ ካደረብኝ ግን ቀለሙ የደበዘዘውን 4ኤ እመርጣለሁ። የዜድዜድ መኪና የሚገዛ ሰው፣ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በእጁ ባትሪ አብርቶ ፊደል በፊደል ሳያመሳክር ቀብድ አይክፈል።