የቡችሎቻችን ቺፕ፦ ክሊኒኩ ጎበዝ ነው፣ ምዝገባው ግን ያናድዳል

ውሻችን ዳማ ስትወልድ፣ ቡችሎቹን ለሰው ከመስጠታችን በፊት ቺፕ፣ ማለትም ከቆዳቸው ሥር የሚቀመጥ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ፣ ማስገባቱ የእኛ ድርሻ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ ከኤፕሪል 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። ስምንት ሳምንት ሳያልፋቸው ገብቶላቸው መመዝገብ አለባቸው። አለበለዚያ እስከ 500 ፓውንድ ያስቀጣል። እኛም ደቡብ ለንደን ሰፈራችን ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ይዘናቸው ሄድን።

ነርሷ እጇ ይባረክ። መጀመሪያ ሁሉንም በስካነር አየቻቸው፤ ቀድሞ የገባ ቺፕ እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ በትከሻቸው መሃል ያለውን ልል ቆዳ ቆንጠር አድርጋ ይዛ በመርፌ አስገባችላቸው። መርፌው ከክትባት መርፌ ወፈር ስለሚል ያየ ሰው ይደነግጣል። ትንሿ ሚጢጢ አንዴ ጮኸችና ወዲያው የነርሷን ጣት መላስ ጀመረች። ቺፑ ራሱ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ እንደገና ስካን አድርጋ፣ 15ቱን አኃዝ ጮክ ብላ እያነበበች ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። ይቺን ነገር የትም ብትሄዱ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። አንድ ቁጥር ከተዛባ ውሻው ቢገኝም ባለቤቱ አይገኝም።

ሚጢጢን የወሰደቻት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት «የት እንዳለች በስልኬ ያሳየኛል?» አለችኝ። አያሳይም። ጂፒኤስ አይደለም፣ ባትሪም የለውም። ስካነር ሲጠጋው ቁጥሩን ይሰጣል፣ በቃ። ስማችሁና ስልካችሁ ያለው መዝገቡ ላይ ነው።

ያናደደኝም እሱ መዝገብ ነው። እኛ የተመዘገብንበት ድርጅት ውሻውን ወደ አዲሱ ባለቤት ስም ለማዛወር ገንዘብ ይጠይቃል። ገጹ ላይ ደግሞ በየዓመቱ የሚከፈልበት ተጨማሪ አገልግሎት ካልገዛችሁ እያለ ይጨቀጭቃል። በሕግ ለተገደደ ነገር እንዲህ ሰው ማሰልቸት ነውር ነው። የሰለቸው ሰው ይተወዋል፤ ውሻው የጠፋ ቀን የሚደወለው የድሮ ስልክ ላይ ይሆናል።

ከኢትዮጵያ ውሻ ወደዚህ ልታመጡ ካሰባችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ቺፑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በፊት ወይም አብሮ መግባት አለበት። ክትባቱ ከቀደመ አይቆጠርም፣ እንደ አዲስ ያስከትባችኋል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የደም ምርመራ አለ። ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ አዲስ አበባ ውሻውን የያዘላችሁ ዘመድ ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰደው።