የዳሌ ኦፕራሲዮን፦ በካሜራ፣ በአጭር ቅድ ወይስ እንደ እማዬ?

እማዬ ዳሌዋን ካስቀየረች ወዲህ ፒያሳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ሰው አያጣኝም፦ «በትንሽ ቀዳዳ የሚሠሩ አሉ አይደል፣ ለምን እዚያ አልወሰድሻትም?» መልሱ ረዘም ስለሚል ልጻፈው።

መጀመሪያ በካሜራ የሚሠራውንና በአጭር ቅድ የሚሠራውን አትቀላቅሉ። በካሜራ የሚሠራው ሌላ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይበሳና መገጣጠሚያው ውስጥ የተቀደደው ይሰፋል፣ ትርፍ የበቀለው አጥንት ይሞረዳል። ልም አጥንቱ፣ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚሸፍናቸው ማለት ነው፣ ገና ላላለቀ ወጣት ጥሩ ነው። ላለቀበት ግን ብር መጣል ነው። የአጎቴ ኤክስሬይ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ክፍተት የሚባል አልነበረም፣ አጥንት ከአጥንት ገጥሟል። ያም ሆኖ «ቀላል ነው፣ ቶሎ ትወጣለህ» ተባለና በካሜራ ተሠራ። ዓመት ሳይሞላው መቀየሩ አልቀረለትም። ሁለቴ ማደንዘዣ፣ ሁለቴ አልጋ፣ ሁለቴ ክፍያ። ለመጀመሪያው ብሎ የሸጣት ቪትዝ እስከዛሬ ታንገበግበኛለች።

በአጭር ቅድ የሚሠራው ግን ያው ዳሌ መቀየር ነው። እማዬ በተሠራችበት በተለመደው መንገድ አንድ ስንዝር ያህል ይቀደዳል፣ በአጭሩ 10 ሴንቲሜትር አካባቢ። በተበላሸው መገጣጠሚያ ምትክ የሚገባው ብረት አንድ ነው። ከፊት በኩል በጡንቻዎች መሀል የሚገቡ ሐኪሞች ጡንቻ ስለማይቆርጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀላሉ፣ ይሄን አልክድም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አካሄዳቸውን አይታችሁ ማን በየቱ እንደተሠራ አትለዩም። በጠባብ ቦታ መሥራት ደግሞ እጅ ይፈልጋል። ብረቱ ጠሞ ከገባ እንደገና ከፍቶ ማስተካከሉ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ስለዚህ ለጠባሳ ማጠር ተጨማሪ አትክፈሉ። ይሄን ኦፕራሲዮን በብዛት የሚሠራ ሐኪም ፈልጉ፣ ብሩን ለእሱና ለብረቱ አውሉት። ብረቱ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ዶላርን ይከተላል። ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ የዚያን ጊዜ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው አትስሙ። ዋጋ ስትጠይቁ ተነጣጥሎ ይጻፍላችሁ፦ ብረቱ ስንት፣ ኦፕራሲዮኑ ስንት፣ አልጋው በቀን ስንት፣ ደም ካስፈለገ ስንት፣ ፊዚዮቴራፒው ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ። እኛ ሁለት ቦታ እንዲህ ጠይቀን ያገኘነው ልዩነት ለሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ፣ ለዎከርና ለመመላለሻ ራይድ በቅቷል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ከብረቱ ማሸጊያ ላይ የሚላጥ ተለጣፊ ወረቀት አለ፣ የፋብሪካው ስም፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ያለበት። ካርዷ ላይ ሲለጠፍ በስልኬ አነሳሁት። የእማዬ ብረት ጫፍ ላይ ያለው ኳስ 32 ሚሊሜትር ነው። ይሄ ከሌለ ነገ ለጥገና የሚከፍተው ሐኪም ውስጥ ምን እንዳለ በግምት ነው የሚገባው።

እማዬ የተሠራችው ከኋላ በኩል ነው። እንደሷ የተሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉልበቱን ከዳሌው በላይ ከፍ ካደረገ ወይ እግሩን ካጣመረ ብረቱ ሊወልቅ ይችላል። ስግደትና ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ስላለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኛ ቤት ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ዱካውን አንስተን ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣነው፣ አሁን ቡናዋን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታፈላለች።