የሉል ዛጎል ፈርጥ ያለው የቬትናም ዳን ትራኝ፦ ከ17 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ሃኖይ የገዛሁትን ዳን ትራኝ አሥር ወር እዚያው፣ ሰባት ወር ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከተጫወትሁበት በኋላ ነው። ዳን ትራኝ ተጋድሞ በጣት የሚመታ የቬትናም የክር መሣሪያ ነው፤ የእኔው 16 የብረት ክሮች አሉት፣ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ጎኖቹና ሁለቱ ጫፎቹ በሉል ዛጎል ፈርጥ ያጌጡ ሲሆኑ፣ ይህ የእጅ ሥራ በአገሩ ቋንቋ ኻም ሳ ኩ ይባላል። ከድምፁ አስቀድሜ ስለ ፈርጡ የምጽፈው፣ ገዢን ሁሉ መጀመሪያ የሚስበው እርሱ ስለሆነና፣ ጥሩ ሥራ ከደካማው የሚለየው ግን በግዢው ዕለት ሳይሆን እንጨቱ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካሳለፈ በኋላ መሆኑን በራሴ መሣሪያ ስላየሁ ነው።

በሥራ ምክንያት ሃኖይ በኖርሁበት ጊዜ፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ወደሚሸጥበት የሃንግ ኖን መንገድ ለሳምንታት ተመላልሻለሁ። ከሁዋን ኪየም ሐይቅ በስተደቡብ ያለው የሃንግ ኻይ መንገድ ደግሞ ቀድሞ የፈርጥ ሠሪዎች መንገድ ስለነበር፣ ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው በዚሁ ሙያ ስም ይጠሩት ነበር። ለመሣሪያው 9 ሚሊዮን ዶንግ ከፈልሁ። ያው ሱቅ ፈርጥ የሌለውን ተመሳሳይ መሣሪያ በ5 ሚሊዮን ተኩል ይሸጥ ስለነበር፣ ለዛጎሉ ብቻ የከፈልሁት 3 ሚሊዮን ተኩል መሆኑ ነው።

የመሣሪያው የላይኛው ገጽ ንጎ ዶንግ ከሚባል ቀላልና ነጣ ያለ እንጨት፣ ጎኖቹ ደግሞ ጉ ከሚባል ጠጣር ቡናማ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ከጉ ይልቅ ትራክ የሚባለው ቀይ እንጨት የበለጠ ይወደዳል፤ እኔ የተውሁት ግን ሆነ ብዬ ነው። ትራክ ዳልበርጂያ ከሚባለው የዛፍ ወገን ነው። ይህ ወገን በሞላ ከጥር 2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ገብቷል። በኅዳር 2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ሲደረጉም፣ የትራክ እንጨት በዚያ ነፃነት አልተካተተም። መሣሪያውን ይዞ ከአገር የሚወጣ ሰው እንጨቱን በስሙ ጠይቆ፣ መልሱንም በደረሰኙ ላይ አስጽፎ ቢወስድ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

ከገዛሁ ከአንድ ወር በኋላ፣ ፈርጡ የተሠራበትን ቦታ ለማየት ከሃኖይ መሐል በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቹዎን ንጎ መንደር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄድሁ። የመንደሩ ሰዎች ሙያውን ከሊ ሥርወ መንግሥት ዘመን አንሥቶ ይቆጥሩታል፤ መሥራች አድርገው የሚያከብሩትም ትሩዎንግ ኮንግ ታኝን ነው። ባልደረባዬ ‹ባክ› እያለች፣ ማለትም በአባት ወይም በእናት ታላቅ ወንድም ስም፣ የምታነጋግራቸው አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ተቀምጠው ዛጎል ይቆርጡ ነበር። ዛጎል በተፈጥሮው ጎባጣ ስለሆነ አስቀድሞ በትንንሹ ተቆርጦ በድንጋይ ላይ እየተሞረደ ይስተካከላል፤ ከዚያም በወረቀት የተሳለው ንድፍ ይለጠፍበትና እንደ ክር በቀጠነ መጋዝ ዙሪያውን ይቆረጣል። ሽማግሌው የጥፍር መጠን ያላትን ቅጠል በግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ይዘው መጋዙን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱ፣ የሚዞረው መጋዙ ሳይሆን ቅጠሏ ነበረች። ነጭ ብናኝ በጉልበታቸው ላይ ባነጠፉት ጨርቅ ላይ ይረግፍ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የቆረጡትን ቅጠል በእንጨቱ ላይ አስቀምጠው ዙሪያዋን በሹል ብረት ሲጭሩና፣ የጫሩትንም መስመር ተከትለው በትንሽ መሮ ሲቆፍሩ ያየሁት ነው። ጉድጓዱ ከዛጎሉ ጥቂት እንኳ ቢሰፋ ዙሪያው የሙጫ ጥቁር ጠርዝ ይሆናል፤ እጅግ ከጠበበ ደግሞ እንጨቱ ሲኮማተር ዛጎሉን ይገፋዋል። በድሮው አሠራር ዛጎሉ የሚጣበቀው በፉ ቶ አካባቢ ከሚበቅለው ሶን የሚባል ዛፍ በሚገኝ ፈሳሽ ነው፤ እርሱም ቀስ ብሎ፣ ያውም እርጥበት ባለው አየር ውስጥ የሚጠነክር ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ በፋብሪካ ሙጫ ተተክቷል፤ የእኔውም እንደዚያ ነው። ሽማግሌው መሣሪያዬን በፎቶግራፍ ሳሳያቸው ስለ ሥዕሉ ውበት ምንም አላሉም። ቤቴ ስመለስ ዓይኔን ጨፍኜ ጥፍሬን በዛጎሉና በእንጨቱ መገናኛ ላይ እንዳስኬድና፣ ጥፍሬ የያዘበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት እንዳደርግበት ነገሩኝ። እንደታዘዝሁ አደረግሁ፤ በሦስት ቦታ ያዘኝ። ከዓመት በኋላ የተጎዱት ሁለቱ ከእነዚያ ከሦስቱ ናቸው።

የፈርጡን መልክ በተመለከተ፣ በአንደኛው ጎን የፕለም አበባና የኦርኪድ፣ በሌላው ጎን የክሪሰንተመምና የቀርከሃ ሥዕል አለ፤ አራቱም በቬትናም ጥበብ አብረው የሚሄዱ ዕፅዋት ናቸው። አበባዎቹ ከወንዝ ዛጎል ስለተቆረጡ ወተት የመሰለ ነጭ ናቸው። የቀርከሃው ቅጠሎች ግን አባሎኒ ከሚባለው የባሕር ዛጎል ስለሆኑ፣ ማታ መብራት በጎን ሲያርፍባቸው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ሐምራዊ ይለወጣሉ። ይህ ቀለም አይደለም፤ የዛጎሉ ውስጠኛ ሽፋን ውፍረታቸው ግማሽ ማይክሮ ሜትር አካባቢ ከሆነ እጅግ ቀጫጭን የካልሲየም ካርቦኔት ንጣፎች የተደራረበ ስለሆነ፣ ብርሃኑ በንጣፎቹ መካከል ተከፋፍሎ ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ አይደበዝዝም፤ በፕላስቲክ ከተመሰለውም የሚለየው በዚህ ነው። ፕላስቲኩ መሣሪያው ቢዞርም አንድ ዓይነት ብልጭታ ይሰጣል፤ ሲነካም አይቀዘቅዝም።

አንድ ቅር ያሰኘኝን ነገር መደበቅ አልፈልግም። ሻጩ ፈርጡ በሙሉ በእጅ እንደተቆረጠ ነግሮኝ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን በጎኑ ላይ ያሉት አምስቱ የፕለም አበባዎች እስከ ጠርዛቸው ጉድለት ድረስ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በማጉያ መነጽር አየሁ። በእጅ የሚቆርጥ ሰው አንድን ስህተት አምስት ጊዜ አይደግምም። አበባዎቹ በማሽን፣ ቅጠሎቹና በላያቸው የተጫሩት ቀጫጭን ጅማቶች ደግሞ በእጅ ተሠርተዋል ብዬ አምናለሁ። በማሽን መቆረጡ ነውር አይደለም፤ በእጅ ተብሎ መሸጡ ግን የሽማግሌውን ዓይነት ሰዎች ድካም ዋጋ ያሳጣል፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ወደ ድምፁ ስመጣ፣ ዛጎሉ ለድምፁ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ይጨምራል የሚል ሻጭ ቢገጥም አለማመን ነው። የዚህ መሣሪያ ሠሪ የሚመሰገነው የላይኛውን ገጽ ያለ አንዳች ጌጥ በመተዉ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው እርሱ ስለሆነ፣ በላዩ የሚጣበቅ ማንኛውም ክብደትና ሙጫ ንዝረቱን ያፍነዋል። ገጹ ላይ ፈርጥ የበዛበትን መሣሪያ በሱቁ ውስጥ ሞክሬ ነበር፤ ለዓይን የበለጠ ቢያምርም ድምፁ አጭር ነበር። ክሮቹ በሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ይቃኛሉ። በክራር ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መጀመሪያ ከዶ ጀምሬ ስመታው እጄ ሳያስበው ሙሉ ትዝታ ውስጥ ገባ፤ አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸውና። እያንዳንዱ ክር በበገና ብርኩማ እንደምንለው ያለ፣ ግን ለየብቻው የሚንቀሳቀስ ትንሽ መደገፊያ ስላለው፣ መደገፊያዎቹን በመግፋት ወደ ባቲና ወደ አንቺሆዬም መሻገር ይቻላል። ቬትናሞች እነዚህን መደገፊያዎች በዱር ዝይ ስም ይጠሯቸዋል፤ በገጹ ላይ በሰያፍ ተሰልፈው ሲታዩ በእርግጥም የሚበሩ ወፎችን ይመስላሉ። ግራ እጅ ከመደገፊያው ባሻገር ክሩን ሲጫን ድምፁ የሚታጠፍበትና የሚርገበገብበት ሁኔታ ደግሞ በክራር የማላገኘው ስለሆነ፣ ከብዙ ወራት በኋላም አልጠገብሁትም።

በሃኖይ የቆየሁባቸው ወራት ለብረቱ ክፉ፣ ለፈርጡ ግን ደግ ነበሩ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኖም የሚሉት እርጥበት ይመጣል፤ ወለሉና ግድግዳው ያልባል፣ ልብስ አይደርቅም። በዚያ ወቅት ሦስት ክሮች ዝገው ቀየርኋቸው፣ መቃኛዎቹም አብጠው ለማዞር አስቸገሩ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ስላበጠ ጉድጓዶቹ አልጠበቡም፤ በጥፍር የያዙኝ ሦስቱ ቦታዎች እንኳ የተስተካከሉ መስለው ነበር። ያን ጊዜ ይህን ግምገማ ብጽፍ ኖሮ ፈርጡ እንከን የለውም ብዬ አንባቢን አሳስት ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ክሮቹን አላልቼ፣ መደገፊያዎቹን አውጥቼ፣ በጠንካራ ሣጥን አድርጌ ወደ አዲስ አበባ አመጣሁት። ክረምት ስለነበር እስከ መስከረም ምንም አልሆነም። በኅዳር አየሩ ሲደርቅ የክሮቹ ቅኝት በየቀኑ ይወርድ ጀመር፤ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ደግሞ ጥፍር የተሰበረ የመሰለ አጭር ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ጠዋት ሳየው፣ በመሣሪያው ራስ ላይ ካሉት የቀርከሃ ቅጠሎች አንዱ በአንድ ጫፉ ከእንጨቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቶ ነበር፤ ከሥሩም ደረቅ ጥርት ያለ ሙጫ ይታያል። በሳምንቱ ሁለተኛው ተከተለ። በክፍሌ ውስጥ ያለው የእርጥበት መለኪያ ከ35 በመቶ በታች ያሳይ ነበር፤ ሃኖይ ውስጥ 80 አካባቢ ለምዷል።

ምክንያቱ ቅጠሎቹ በተቀመጡበት አቅጣጫ ውስጥ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል፤ ዛጎል ደግሞ ጨርሶ አይኮማተርም። የተነሡት ሁለቱ ቅጠሎች ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙና የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም በርዝመቱ የሚሄዱትን የተፈጥሮ መስመሮቹን፣ አቋርጠው የተኙ ናቸው። ከጭረቱ ጋር የተኙት ቅጠሎች ሁሉ፣ በጎኑ ላይ ያለው ረጅሙ የቀርከሃ ግንድም ጭምር፣ ንቅንቅ አላሉም። አቋርጦ የቆመው ሌላው ግንድ ደግሞ የዳነው በየአንጓው ተቆርጦ፣ በአንጓዎቹም መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ተትቶለት ስለነበር ነው። በቹዎን ንጎ ያየሁት የመሮ ሥራ ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሱፐር ግሉ እንድጠቀም የመከሩኝ ነበሩ፤ ጭሱ በዛጎሉ ላይ ነጭ ጉም ስለሚያስቀርና ዳግመኛ ለመንቀል ስለማይመች እምቢ አልሁ። መሣሪያውን በሣጥኑ ውስጥ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር፣ ስፖንጁን በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አድርጌ፣ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። መለኪያው 50 ሲደርስ አሮጌውን ሙጫ በቀጭን ቢላዋ ፈቀፈቅሁ፤ የጉድጓዱን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት በጥቂቱ አሰፋሁና የመጀመሪያውን ቅጠል ከቆዳ በሚቀቀል ሙጫ መለስሁት። ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ፣ ወደፊት የተሻለ ባለሙያ ቢያገኘው ሥራዬን ያለ ጉዳት ሊያነሣው ይችላል።

ስለ ጽዳት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በቤታችን ናስና ብር በሎሚ የማጽዳት ልማድ ስላለ፣ አንድ ዘመዴ በቅንነት ሎሚ ይዛ መጥታ ነበር፤ ደርሼ አስጣልኋት። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላል፤ አንድ ጊዜ የተበላ ዛጎል ደግሞ ብርሃኑን መልሶ አያገኝም። የሰው ላብ እንኳ ቀስ በቀስ እንዲሁ ያደርጋል፤ ቀኝ አንጓዬ በሚያርፍበት ቦታ ያለው አንድ አበባ ከጓደኞቹ ይልቅ ፈዝዟል። አሁን ከተጫወትሁ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልቀባውም።

ዳግመኛ ብገዛ ፈርጥ ያለውን እንደገና እመርጣለሁ፤ ነገር ግን በራሱና በጅራቱ ላይ ትልልቅ ቁራጭ የሌለበትን፣ በጎኖቹ ላይም ከጭረቱ ጋር የሚሄድ ሥዕል ያለውን፣ ጥፍሬም በየትኛውም መገናኛ የማይይዝበትን ፈልጌ ነው። ለሃኖይ ነዋሪ ይህ ጥንቃቄ የሚበዛ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውን ወደ ደጋ ለሚያመጣ ግን አይበዛም። ሁለተኛውን ቅጠል እስካሁን አልነካሁትም። ጫፉን በቀጭን ወረቀት ሸፍኜ እንደተነሣ ትቼዋለሁ፤ በሐምሌ እንጨቱ ሲያብጥ በራሱ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።