ሮቦኮፒ፦ የተቀየረውን ፋይል ብቻ ለማሻገር

ቱሉ ዲምቱ ዳር ካለው የግንባታ ሳይታችን ወደ መሀል ከተማው ቢሮ የሚመላለሰው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በድሮዊንግ፣ በክፍያ ሰርተፍኬትና በፎቶግራፍ የተሞላ ስለሆነ፣ ሁሉንም በየጊዜው እንደ አዲስ ኮፒ ማድረግ የሚያዋጣ አይደለም። ለዚህ የምንጠቀምበት ሮቦኮፒ የተባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ክፍያም ሆነ ዳውንሎድ አይጠይቅም፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሳይት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሮቦኮፒ የፋይሎችን መጠንና መጨረሻ የተሻሻሉበትን ሰዓት አነጻጽሮ ያልተለወጡትን ያልፋል። ሆኖም ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ ከመነሻው በኩል ያለው ፋይል አሮጌ ቢሆንም እንኳ በመድረሻው አዲስ ፋይል ላይ ይጽፍበታል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሳይት ላይ ያረመው የመሠረት ድሮዊንግ ከቢሮ በመጣ የቆየ ቅጂ እንዳይተካ «ኤክስኦ» (/XO) የተባለውን አማራጭ መጨመር ግድ ነው። «ሚር» (/MIR) የሚባለው ደግሞ በመድረሻው ብቻ የሚገኘውን ፋይል ስለሚሰርዝ፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ፋይል በሚጨምርበት ሥራ ላይ አልመክረውም። ዲስኩ ፋት32 (FAT32) በተባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ሰዓት የሚመዘገበው በ2 ሰከንድ እርከን በመሆኑ ያልተነካው ፋይል ሁሉ የተቀየረ ይመስለዋል፤ ይህን «ኤፍኤፍቲ» (/FFT) የተባለው አማራጭ ያስተካክለዋል።

እጅግ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ሌላ ፕሮግራም የቆለፈው ፋይል ሲያጋጥመው በየ30 ሰከንዱ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ እንዲሞክር ሆኖ መሠራቱ ነው። ሲሰላ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል! የሙከራውን ቁጥር ወደ 2፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 5 ሰከንድ ማውረድ ይበቃል።

አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት አርሲንክ የተባለው ሌላ የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ከትልቅ ፋይል ውስጥ የተቀየረውን ክፍል ብቻ በኔትወርክ መላክ ይችላል፤ ሮቦኮፒ ግን ፋይሉን እንዳለ ይገለብጠዋል። ይሁንና አርሲንክም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲገለብጥ ካልታዘዘ በቀር ሙሉውን ፋይል ስለሚጽፍ፣ ዲስክ ተሸክሞ ለሚመላለስ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ሮቦኮፒ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራበት ጥቁሩ መስኮት ለማያውቀው ሰው እንደሚያስፈራ አይካድም። እኛ ትእዛዙን ኖትፓድ ላይ ጽፈን፣ ባች ፋይል (ሲከፈት ትእዛዙን በራሱ የሚያስፈጽም ፋይል) አድርገን በሳይቱ ጸሐፊ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠነዋል፤ እርሷም ሁለቴ ክሊክ አድርጋ፣ በሪፖርቱ መጨረሻ «ፌይልድ» (መገልበጥ ያልተሳካላቸው) በሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ መኖሩን ካየች በኋላ ዲስኩን ለሾፌሩ ትሰጣለች።