የካሴት ድምፅ ባዶ ሲዲ ላይ ማስቀመጥ ያዋጣል? ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን ከፍቼ አየኋቸው

እስቲ ዛሬ ማንም ሪቪው የማይሰራለትን ነገር ልጻፍ፣ ባዶ ሲዲ። አዎ በዚህ ዘመን። ሳትስቁ አንብቡት።

አክስቴ ጅዳ በነበረችበት ጊዜ ደብዳቤ አትጽፍም ነበር፣ ካሴት ነበር የምትልከው። ስልክ ውድ ነው፣ አያቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም፣ ስለዚህ አክስቴ ቴፑን ፊቷ አስቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ መሀል ላይ ታለቅስና "ቆይ ላጥፋው" ብላ ታጠፋዋለች፣ ከዛ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላካል። እኛም ሰብሰብ ብለን በሌላ ካሴት እንመልስላታለን። ስትመለስ የኛንም ይዛ መጣች፣ ባጠቃላይ 23 ካሴት። በ2002 ዓ.ም ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩና ሲዲ ላይ ጻፍኳቸው። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ በዌቭ ሲቀመጥ 600 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ባዶ ሲዲ ደግሞ 700 ይይዛል፣ ስለዚህ አንድ ካሴት ለአንድ ሲዲ ልክክ አለ። 12ቱን ከመርካቶ በገዛሁት ስም የለሽ ሲዲ (በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ከላይ ምንም ያልተጻፈበት)፣ ብር ሳገኝ ደግሞ የቀሩትን 11 ቨርባቲም በሚባለው ታዋቂ ብራንድ። ከዛ ካርቶን ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ተረሱ።

ዘንድሮ አያቴ ካረፈች በኋላ እናቴ "እስቲ የእማማን ድምፅ አሰሚኝ" ስትለኝ ካርቶኑን አወረድኩት። 11ዱ ቨርባቲሞች በሙሉ አነበቡ፣ አንድም አላስቸገረኝ። ከ12ቱ ስም የለሾች ግን 5ቱ እምቢ አሉ። ሁለቱን ድራይቩ ጭራሽ ባዶ ነው አለኝ፣ ሶስቱ ፋይሉን ያሳያሉ፣ ኮፒ ሲደረግ ግማሽ ላይ ደርሶ ያ የታወቀው "ሳይክሊክ ሪደንደንሲ" ምናምን የሚለው መልእክት ይመጣና ያበቃል። አንዱን አውጥቼ ወደ አምፖል ስይዘው በጽሑፍ በኩል ያለው ብርማ ነገር እንደ ወንፊት ሆኗል፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብርሃኖች ይታያሉ። እዛ ጋ ነው ሆዴ የተላወሰው።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ፋብሪካ የሚታተመው የዘፈን ሲዲ ጎድጓዳው ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ነው የሚወጣው፣ እኛ የምንጽፍበት ግን ውስጡ ቀለም አለው፣ ሌዘሩ ቀለሙን በሙቀት እያጠቆረ ነው የሚጽፈው። እንግዲህ ሌዘሩ በደቂቃዎች የሰራውን ፀሐይና ሙቀት ቀስ እያሉ በዓመታት ይሰሩታል ማለት ነው። ርካሹና ውዱ የሚለየውም ቀለሙ ላይ፣ ከላይ ያለው ብርማ ሽፋንና እሱን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ምን ላይ መሰላችሁ፣ ሁላችንም የሚያብረቀርቀውን የታች ጎን እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቃለን፣ ከላይ ግን በእስክሪብቶ ጫን አድርገን "አክስቴ ቁ. 7" ብለን እንጽፋለን። ሲዲ ላይ ዳታው ያለው ከጽሑፉ ስር ነው! ከታች ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ፕላስቲክ አለለት፣ ከላይ ግን ቫርኒሹ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከታች ቢጫር ሊጸዳ ይችላል፣ ከላይ ከተጫረ ግን አለቀ። ከአምስቱ የሞቱት አንዱ ላይ ቀዳዳዎቹ የኔን የእጅ ጽሑፍ ተከትለው ነው የሄዱት፣ "7" የሚለው በብርሃን ተጽፎ ይታያል። ራሴን ነው የረገምኩት። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፣ ዳታው በሁለት ፕላስቲክ መሀል እንደ ሳንዱች ነው ያለው።

ደግነቱ ሁሉም አልጠፋም። ላፕቶፔ እምቢ ያለውን የጎረቤት አሮጌ ዴስክቶፕ አነበበው፣ ሶስቱን እንዲህ አዳንኳቸው። ድራይቭ ከድራይቭ ይለያል፣ አንዱ "የለም" ስላላችሁ ሲዲውን እንዳትጥሉት። ሁለቱን ደግሞ ካሴቱ ስላለ እንደገና መገልበጥ ነው።

አሁን "ለምን ፍላሽ ላይ አታደርጊውም" የምትሉኝን አውቃለሁ። አድርጌዋለሁ እኮ። ፍላሹን ፎቶ ላሳጥብ አንድ ቤት ሰጠሁት፣ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ መጣ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ፣ እህቴ ደግሞ "ተበላሽቷል" ብላ ፎርማት አደረገችው። በቃ። አንዴ የተጻፈና የተዘጋ ሲዲ ግን ቫይረስ አይገባበትም፣ በስህተት ዲሊት አይደረግም፣ ልጅ ፎርማት አያደርገውም። እኔ ለዚህ ነው ወደ ዲስክ የተመለስኩት፣ ለቦታ ከሆነማ ፍላሽ ያሸንፋል፣ ክርክርም የለውም።

ስለዚህ ዘንድሮ ባለ 50 የቨርባቲም ዲቪዲ ፓክ ገዛሁ፣ አዞ የሚል የተጻፈበትን (አዞው የወንዙ አይደለም፣ የቀለሙ ስም ነው)። ገበያ ላይ ማሸጊያው ብቻ ቨርባቲም የሆነ ስላለ ኢምግበርን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከመጻፌ በፊት የዲስኩን መለያ አየሁት፣ ኤምሲሲ ብሎ የሚጀምር ኮድ አወጣ፣ እሱን ነው የፈለግኩት። ዲቪዲው 4.7 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.38 ነው የሚያሳያችሁ፣ ማንም አልሰረቃችሁም፣ አቆጣጠሩ ነው። በዌቭ 7 ካሴት ይይዛል፣ በፍላክ (ፋይሉን ብቻ የሚያሳንስ ዓይነት ነው) ካደረጋችሁት ድምፁ ምንም ሳይነካ የሚይዘው ካሴት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ኤምፒ3 በ128 ብታደርጉት በደቂቃ አንድ ሜጋ ስለሆነ 23ቱም ካሴት አንድ ዲስክ ላይ ይገባና ገና ቦታ ይተርፋል፣ ግን የአያቴን ድምፅ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አልጨምቅም። ለማስቀመጥ ፍላክ፣ መኪና ውስጥ ለመስማት ኤምፒ3፣ እንዲህ ነው የከፋፈልኩት።

አጻጻፉ ላይ ቀስ በሉ። ዲስኩ 16 እጥፍ ይችላል ቢልም እኔ በ8 ነው የጻፍኩት፣ ሲጨርስ ደግሞ ቬሪፋይ የምትለዋን አትዝለሏት፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ያመሳክርላችኋል። ሁለት ዲስክ ነው የተበላሸብኝ፣ ሁለቱም የዲስኩ ጥፋት አይደለም፣ በዴስክቶፕ ስጽፍ 80 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። ከዛ በኋላ በላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ በሚሰካ ድራይቭ ነው የቀጠልኩት። ስም ስትሰጡ ደግሞ ለመኪና የምትጽፉትን ሲዲ በአማርኛ ፊደል አታድርጉት፣ የወንድሜ ቪትዝ የአክስቴን ስም አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ነው ያሳየኝ፣ ዲቪዲ ደግሞ ጭራሽ አያውቅም፣ ለሱ ሲዲ ብቻ። ሲዲ አርደብሊውም (የሚሰረዘው) ለአሮጌ ማጫወቻ አይሆንም፣ ብርሃን የሚመልሰው ትንሽ ስለሆነ ብዙዎቹ አያዩትም።

አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ኤም ዲስክ የሚባለውንም አምጥቶልኝ ነበር፣ 25 ጊጋ የሚይዝ ብሉሬይ። ቀለም ሳይሆን እንደ ድንጋይ ያለ ነገር ላይ ነው የሚጽፈው፣ 1000 ዓመት ይቆያል ይላል ማሸጊያው። ማቱሳላ ራሱ 969 ነው የኖረው፣ ማን ቆሞ ያረጋግጣል። የብሉሬይ ራይተር ስለሌለኝ እስካሁን አልከፈትኩትም። እንዲያውም ሶኒ በ2025 እ.ኤ.አ መጀመሪያ የሚጻፍበት ብሉሬይ ማምረት አቁሟል፣ በጥራት የሚታወቀው የጃፓኑ ዲስክ አምራች ታይዮ ዩደን በ2015 እ.ኤ.አ ነው ከገበያው የወጣው፣ ቨርባቲምም በ2019 እ.ኤ.አ ለታይዋኑ ሲኤምሲ ተሸጧል። ገበያው እየጠበበ ነው፣ የምትገዙ ከሆነ አትቆዩ።

ነጥብ፦ ቨርባቲም ዲቪዲ ከ10 ስምንት። ሁለቱን የቀነስኩት ድራይቭ ያለው ላፕቶፕ ስለጠፋና አንዱ ዲስክ ከፓኩ ሲወጣ ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ነገር ስለነበረበት (ጠርጌው ሰራ)። ስም የለሹ ሲዲ ከ10 ሶስት፣ እሱም ከ12ቱ 7ቱ ስላነበቡ ነው፣ ለሰርግ ዘፈን ይሆናል፣ ለእናት ድምፅ አይሆንም። በነገራችን ላይ ይሄ የኔ ቁም ሳጥን ውጤት ነው፣ ሌላ ሰው ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል።

እናቴ ሶስተኛውን ስትሰማ አያቴ አክስቴን "ዶሮዋ እንቁላል ጀመረች" ስትላት ከኋላ ዶሮዋም አብራ ትጮሃለች። ሶስቴ አስደገመችኝ።

አሁን የቀሩኝ ሁለቱ ካሴቶች ናቸው፣ ግን የቴፔ ላስቲክ ተበጥሶ ክር እየበላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቴፕ ላስቲክ የሚቀይር ሰው የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልኝ።