የጣት ኦክስጅን መለኪያ ለደብረ ብርሃን ቤት፦ የምታሳየውና የምትደብቀው

ጣት ላይ ተደርጋ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የምታሳየው፣ በትንንሽ ባትሪ የምትሠራው ፐልስ ኦክሲሜትር ቤት ውስጥ ብትኖር ትጠቅማለች። ትልቁ ጉድለቷ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለመለካቷ ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ኦክስጅን በዝቶ ሲሰጠው ስክሪኑ 97 በመቶ እያሳየ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 92 በመቶ የሚፈልጉት። የጠዋት ራስ ምታት፣ ድብታ ወይም መወናበድ ከታየበት ቁጥሩ አያዘናጋችሁ፤ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ትክክለኛው ልኬት ከደም ቅዳ ቧንቧ በሚቀዳ ደም ነው፤ ጤናማው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ከፍታ ላይ ትንሽ ዝቅ ይላል።

በዚህ ብርድ የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። እጅን አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። የከሰል ጭስ በመታው ሰው ላይ ግን ይህችን ዕቃ ፈጽሞ አትመኑ፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ እንደ ኦክስጅን ትቆጥረዋለች።