የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ከውስጥ ኦዲተር ወንበር ሲታይ

ሐዋሳ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ስለ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ዕቃ አቅራቢ ነጋዴዎች ብዙ ብለዋል። እኔ የማወራው የግዥ ክፍልን ፋይል ማገላበጥ እንጀራው የሆነ ሰው በሚያየው በኩል ነው።

በወረቀቱ ጊዜ የምርመራው ግማሽ ሰነድ ፍለጋ ነበር። የጨረታ መክፈቻው ቃለ ጉባኤ አለ፣ የኮሚቴው ፊርማ የለም። «ፈራሚዋ ፈቃድ ላይ ናት» ይሉሻል። ከቀናት በኋላ ፊርማው ተሟልቶ ይመጣል፤ ቀኑ ግን ያለፈው ወር ነው! ፕሮፎርማውማ (የዋጋ ማቅረቢያው) አይነሳ። የሦስት ድርጅት ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ወረቀቶች፣ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት።

አሁን ማን መቼ ምን እንዳደረገ ሥርዓቱ ራሱ ይመዘግባል። የተጫራቾች ሰነድ ከመክፈቻው ሰዓት በፊት አይታይም። ቃለ ጉባኤን ወደ ኋላ ቀን መጻፍ አበቃለት። የሐዋሳ ነጋዴም የጨረታ ሰነድ ለመግዛት ሌሊት ተነስቶ አዲስ አበባ መሄድ ቀርቶለታል፤ ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው።

ሥርዓቱ የማይደርስበት ግን አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ዕቅድ ሰኔ ላይ ይባንናል። አንድ ዓመት የቶነር (የማተሚያ ቀለም) ግዥ በአራት የዋጋ ማቅረቢያ ተከፋፍሎ አገኘሁ። እያንዳንዱ በሥርዓቱ ላይ ሲታይ እንከን የለውም፤ ሲደመሩ ግን ግልጽ ጨረታ መውጣት ነበረባቸው። ግዥ ከፋፍሎ ከጨረታ መሸሽ በቀድሞው የግዥ አዋጅ 649/2001 ጊዜም ክልክል ነበር፣ በአዋጅ 1333/2016 ከተተካ በኋላም ያው ነው። ይህን የሚይዘው ዕቅዱን ከግዥው ጎን አስቀምጦ በዕቃ በዕቃ የሚደምር ሰው ነው።

ሪፖርቴ ላይ «መመሪያ ተጥሷል» ብዬ ብቻ ብዘጋው ኖሮ በዓመቱ ያንኑ እጽፍ ነበር። ሲጣራ ጥፋቱ ከግዥ ክፍሉ ይልቅ የሥራ ክፍሎቹ ነበር፤ ፍላጎታቸውን የሚያመጡት ግንቦት ላይ ነው። ጥያቄ በየሩብ ዓመቱ እንዲገባ፣ ቶነር በማዕቀፍ ስምምነት (አንዴ ተዋውሎ በሚያስፈልግበት ጊዜ እየታዘዘ) እንዲገዛ ሐሳብ አቀረብን፣ ተቀባይነት አገኘ። ግዥ ክፍሉም ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ፊቱን አያጠቁርም።

መጋዘን ያው የድሮው ነው። ክፍያ ከሰኔ 30 እንዳያልፍ ዕቃው ሳይደርስ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጣል። ካርቶን ከፍቼ ሲሪያል ቁጥር ካላመሳከርኩ ኮምፒዩተሩ ላይ ሁሉም ገብቷል።

ለጨረታው ክፍል ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። በጠቅላላው ግን 3፤ ርክክቡ ላይ ገና እኔው በእግሬ ነው የምሄደው።